የቅንጭቡ ወተት

ልብስ ሰፊዋ የአባቷን ዓይን እንዳጠፋች ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ክፋት ኖሯት አይደለም፤ አጥር ስታስተካክል ነው።

ቅንጭቡ ከአጥር አልፎ መንገዱን ዘግቶ ነበር። ዓይን የሚያጠፋው ወተቱ እንደማይቀለድበት ስለምታውቅ መነጽርና ጓንት አድርጋ መቁረጥ ጀመረች። አባቷ ከሥራ ሲመለስ አየችው።

"አባዬ፣ ራቅ በል፤ ይረጫል" አለችው።

"የት ጋ ነሽ?" እያለ ቀጥ ብሎ መጣ። የተቆረጠው ቅርንጫፍ ፊቱ ላይ አረፈ፤ ነጩ ወተት በጉንጩ ወረደ። ሮጣ ውሃ አፈሰሰችበት።

"አይታየኝም" አለ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የልጅቷ ክንድ ምርኩዙ ሆነ።

ሰውየው የተማሪዎች አውቶቡስ ሹፌር ነበር። አንድም ልጅ ሳይቧጨርበት ነው ፀጉሩ የሸበተው። አጠገቡ የምትቀመጠው ረዳቱ ለፍላፊ ናት፤ "ቀይ በራ፣ ጋሼ"፣ "ከግራ ብስክሌት አለ" ስትል ነው የምትውለው። ሰፈርተኛው "መሪውን የያዘው እሱ፣ የምትነዳው እሷ" እያለ ይስቅባቸው ነበር። ዓይኑ ጠፍቶ ከሥራ በተሸኘበት ቀን ታዲያ እንደ ረዳቱ ያለቀሰ የለም። ለልጅቷ ያ ለቅሶ ጣት የተቀሰረባት ያህል ተሰማት።

እጮኛዋ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ "እንሂድ" ሲላት፣ "የአባቴን ዓይን አጥፍቼ የት እሄዳለሁ?" ብላ ቀለበቱን መለሰችለት። ስፌቷንም ወደ ቤት አዛወረች፤ የስፌት መኪናዋን ከአባቷ አልጋ አጠገብ ተከለች።

"አባዬ፣ ይቅር በለኝ" ባለችው ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

"ተይው ልጄ። አንቺ ምን አደረግሽ?"

ይሄ ደግነቱ ደግሞ ይብስ አንጀቷን ይበላዋል።

ከተማው ውስጥ ያለው አንድ የዓይን ሐኪም ጋ እንሂድ ስትለው ግን አሻፈረኝ አለ። "የሞተ ነገር አይነሳም፤ አታድክሚኝ።" ተስፋ የቆረጠ መሰላት። በመጨረሻ እግሩ ላይ ወድቃ፣ አልቅሳ፣ እንደ ምንም ወሰደችው።

"ግቡ" የሚለውን የሐኪሙን ድምፅ ሲሰማ እጁ በእጇ ውስጥ ቀዘቀዘ።

ሐኪሙ በመሣሪያው አጎንብሶ ብዙ ቆየ። ልጅቷ ሳትጠየቅ ሁሉንም ዘረገፈችው፤ አጥሩን፣ መቀሱን፣ ወተቱን።

"ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ዶክተር።"

ሐኪሙ ሽማግሌውን አየው። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

"ወተቱ ጠባሳ እንኳ አልተወም፤ አባትሽን 'ዓይንህ እየጨለመ ነው፣ ከእንግዲህ መሪ እንዳትጨብጥ' ያልኩት ከዚያ አደጋ ሁለት ዓመት በፊት ነው።"