አራተኛው ተናጋሪ

«እግዜር ያልሰጠህን እያየህ እንቅልፍ አትጣ ልጄ፤ የሰጠህም ይበዛብሃል» ይል ነበር የይግዛው አባት፣ ጸሎቱን ጨርሶ ጋቢውን ሲሰበስብ። ይግዛው ቃሉን ያስታውሰዋል። እንቅልፍ ግን አጥቷል።

ነገሩ የመጣው በ1981 ዓ.ም. በጥር ወር ነው። ይግዛው የተማረበት የቢቸናው ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎቹን ሊጠራ ነው ተባለ። መጥተው ስለ ሙያቸው ለልጆቹ ይናገራሉ። የተጠሩት ሦስት ናቸው። አምባቸው ሞጣ ውስጥ የጭነት መኪና መካኒክ ነው። ሣህለ ማርያም የጁቤ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነው፤ መርፌ ይወጋል፣ ቁስል ያክማል። ሙሉአለም ሬድዮ ጠጋኝ ነው።

ይግዛው አልተጠራም። እሱ እዚያው ቢቸና፣ ከገበያው በታች ያለውን የናፍጣ ወፍጮ ያስነሳል፤ ሲሰበርም ይጠግናል። ትምህርቱን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጧል። እስከዚያ ድረስ ከአምባቸው ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነበሩ።

ወሬውን ይዛ የመጣችው ሚስቱ ይርጋነሽ ናት።

«አምባቸው ሊመጣ ነው አሉ» አለች።

«ታዲያ ይምጣ።»

«ንግግር ያደርጋል አሉ። እኔም ሄጄ አያለሁ።»

«ምኑን ነው የምታዪው?»

«ንግግሩን ነዋ። ሌላ ምን አለው?»

ሳቀች። ይግዛው አልሳቀም። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የአምባቸው አባት ሽማግሌ ልኮ ይርጋነሽን ለልጁ ጠይቆ ነበር። አባቷ ለይግዛው ሰጧት። እሷ ይህን ረስታው ይሆናል። እሱ አልረሳም።

በማግስቱ ኪዳን አድርሶ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ። አጥሩ ላይ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ተብሎ በቀይ ተጽፏል። ቀለሙ ገና አልደረቀም። ጋቢውን እንዳይነካበት ሰብሰብ አድርጎ ገባ። ዲሬክተሩ ኃይለ ሚካኤል የድሮ አስተማሪው ናቸው።

«የኔ ጌታ፣ ምን አጥፍቼ ነው የቀረሁት?»

«ከምኑ?»

«ከንግግሩ። እኔም እኮ እዚህ ነው የተማርሁት። ሞተር እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ።»

ኃይለ ሚካኤል ወደ መስኮቱ አዩ።

«ከላይ ነው የመጣው። እነሱ ሙያውን ጽፈው ላኩ፣ እኛ ስም ሞላን።»

«የኔን ስም ለምን አልሞሉትም?»

«ስላንተ አምባቸውን ጠይቀነው ነበር። ይግዛው የወፍጮ ቀበቶ ከመቀየር በቀር የሚያውቀው የለም አለን።»

ይግዛው ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰ።

«ይልቅ ሂድና ወፍጮህን አስነሳ» አሉት። «ሰው እህሉን ተሸክሞ ይጠብቅሃል።»

ያን ሳምንት ውዳሴ ማርያም ሲደግም ልቡ እየሄደ አምባቸው ላይ ይቆማል። ሁለት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመረ። በሦስተኛው መጽሐፉን አጠፈውና፣ «ጌታ ሆይ፣ አንድ ቀን ብቻ ከሱ በላይ አድርገኝ» አለ።

የንግግሩ ዕለት ጧት የሞጣው አውቶቡስ ሲደርስ ቆሞ ጠበቀው። አምባቸው በሱፍ ይመጣል ብሎ ነበር። የተቀደደ ቱታ ለብሶ፣ ቀኝ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ ወረደ።

«እጅህን ምን ሆንህ?»

«ቆረጠኝ።»

«ስለኔ የተናገርኸውን ሰምቻለሁ።»

አምባቸው ግራ ቀኙን ገልመጥ አደረገ። «ከሰማህማ ደግ። አሁንም ስማኝ፣ ቤትህ ግባ። ዛሬ እዚያ አትምጣ።»

«ይርጋነሽ እመጣለሁ ብላለች።»

«እሷ ትምጣ። አንተ ቅር።»

ይግዛው ከዚህ በላይ መስማት አልፈለገም።

አዳራሹ ሞልቷል። ከኋላ ሦስት የማይታወቁ ሰዎች ወንበር ተሰጥቷቸው ተቀምጠዋል። አንደኛው ደብተር ጭኑ ላይ ዘርግቷል። ይርጋነሽ ከሴቶቹ ጋር በመስኮት በኩል ቆማለች።

አምባቸው መጀመሪያ ተነሣ።

«እኔ መኪና አጥባለሁ» አለ። «ሞተሩን የሚፈታው ሌላ ሰው ነው። እጄም እንደምታዩት ነው።»

ተቀመጠ። ንግግሩ ይኸው ነበር።

ሣህለ ማርያም መርፌ ሲይዝ እጁ እንደሚንቀጠቀጥ፣ አሁን ካርድ ብቻ እንደሚያወጣ ተናገረ። ሙሉአለም ደግሞ ጆሮዬ ደክሟል አለ። ልጆቹ ሳቁ። አንዱማ፣ «እነዚህን ለማየት ነው ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ ያስወጡን?» አለ፤ ኃይለ ሚካኤል ሰምተው አልተቆጡትም። ባለ ደብተሩ ሰውዬ እስክሪብቶውን ከድኖ ኪሱ ከተተ።

ለነዚህ ነው እንግዲህ እኔ የተተውሁት፣ አለ ይግዛው በልቡ። ወደ መስኮቱ ዞረ። ይርጋነሽ አምባቸውን እያየች ነበር።

አማተበና ተነሣ።

«እኔም የዚህ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ።»

«ተቀመጥ ይግዛው» አሉ ኃይለ ሚካኤል።

«ትንሽ ነው የምናገር። ፈንታዬን ነው።»

«ተቀመጥ አልሁህ እኮ።»

«ይናገር» አለ ከኋላ ባለ ደብተሩ።

ይግዛው ተናገረ። የናፍጣ ሞተር እንዴት እንደሚፈታ ከላይ እስከ ታች አስረዳ። መለዋወጫ ጠፍቶ ከአሮጌ ብረት ሞርዶ እንደገጠመ፣ ሞተሩ እስከ ዛሬ እንደሚሠራ ነገራቸው። የጭነት መኪናም ቢሆን ያው ናፍጣ ነው፣ ትልቅም ቢመጣ አልፈራም አለ። አምባቸው አሳለው። ደግሞ አሳለው። ይግዛው ድምፁን ከፍ አደረገ።

ልጆቹ አጨበጨቡ። ይርጋነሽ አሁን እሱን ነበር የምታየው። አምባቸው አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ያያል። ይግዛው በልቡ፣ «ተመስገን» አለ።

ባለ ደብተሩ ሰውዬ ከኋላ ተነሥቶ መጣና ዘይት ያጠቆረውን እጁን ጨበጠው።

«ጓድ፣ ግንባር የሚፈልገው እንዳንተ ያለውን ነው። መኪናው በር ላይ ቆሟል፤ ለባለቤትህ እኛ እንነግርልሃለን።»