እትብቱ የተቀበረባት ኮኮናት

ኤሮኒ ገና ልጅ ሳለ እናቱና አክስቱ ሰሌን እየታቱ ሲንሾካሾኩ ሰምቶ ነበር። "አሳማው... ለልጁ እንዳትነግሪው" ከምትለው በቀር የቀረው ከአእምሮው ጠፍቷል።

አውሎ ነፋሱ ማታ ፊጂ እንደሚደርስ ሬዲዮ የተናገረ ዕለት፣ ቤቱ ላይ ያዘነበለችውን የኮኮናት ዛፍ አቅፎ ቆመ። ሲወለድ እትብቱን ቀብረው በላዩ የተከሏት እሷን ነበር።

"እሷን ከምትቆርጪ እኔን ቁረጪኝ!" አላት መጋዝ የያዘችውን ሚስቱን።

"ማንኮራፋትህን ችያለሁ፤ ጣራዬ ላይ መውደቅህን ግን አልችልም!"

መስኮቱ ላይ ጣውላ ደግፈው የያዙት እናቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ልጄ፣ እዚያ ሥር እትብት የለም። በተቀበረ በማግስቱ አሳማው ቆፍሮ በላው። አባትህ እንዳያዝን ብዬ ዛፏን ዝም ብዬ ተከልኳት።"

የኤሮኒ ክንድ ላላ። "አሳማውስ፣ እማዬ?"

"በክርስትናህ ዕለት አርደን በላነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከቤተሰብ አልወጣህም።"

ሚስቱ ፊቷን አዙራ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ኤሮኒ ኮኮናቷን ከላይ እስከ ታች አያት፤ እንደ ማንኛውም ዛፍ ነበረች። ጎንበስ ብሎ ሚስቱ ዛፏን ለመሳብ ያዘጋጀችውን ገመድ አነሳ።

"እሺ፣ ቁረጪያት፤ እኔ ወደ ባሕሩ በኩል እስባታለሁ" አለ። "ብቻ መጀመሪያ አሳማዎቹን እሰሩልኝ፤ ዳግመኛ እንዳይበሉኝ።"