የሐሙስ ልቅሶ

ሰውየው አዲሱን የሊኑክስ ዴስክቶፕ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብቋል። የኮምፒውተሩን ገጽታ ከላይ እስከ ታች የሚቀይረው ይህ ፕሮግራም ሐሙስ እንደሚለቀቅ ሲሰማ መቀመጫ አጣ። ችግሩ ሐሙስ የሥራ ቀን ነው። አለቃው፣ የመዝገብ ቤት ኃላፊዋ ወይዘሮ አስካለ ደግሞ ለሠርግ እንኳ ፈቃድ የሚሰጡ ሴት አይደሉም። ስለዚህ ረቡዕ ከሰዓት አንገቱን ደፍቶ ቢሯቸው ገባና፣ ከሞቱ ስምንት ዓመት ያለፋቸውን አጎቱን እንደገና ገደላቸው።

“ነፍስ ይማር። በል ነገ እንዳትመጣ” አሉት።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ፕሮግራሙ ወርዶ አለቀ። ጭኖ ሲከፍተው ካሰበውም በላይ አምሮ አገኘው። ብቻውን እያጨበጨበ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ሲከፍት ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል።

ድንኳን የለ፣ አልቃሽ የለ። ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፑ ብቻ ቦግ ብሎ ይታያል።

“እትዬ አስካለ… ቀብሩ እኮ ገጠር ነው” አለ፣ ላብ እያጠመቀው።

እሳቸው ግን አልፈውት ገቡና ስክሪኑ ላይ አጎንብሰው ቆዩ። ከሥራ መባረሩን አልተጠራጠረም።

“የአማርኛው ፊደል በዚህኛው መደራረቡን ተወ?” አሉ በመጨረሻ።

“ተ… ተወ።”

“እሰይ!” ብለው ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፍላሽ ፈትተው ዘረጉለት። “ቶሎ ገልብጥልኝ። ለቢሮ ሰዎች ልቅሶ ልደርስ ነው ብዬ ነው የወጣሁት።”