የወለተሩፋኤል ሹራብ

ወይዘሮ ትርንጎ የማትቆጥረው ነገር የለም። ባዶ እጄን ከአይከል ወጥቼ ጎንደር ፒያሳ ላይ የጨርቅ ሱቅ ለመክፈት ያበቃኝ ቆጠራ ነው ትላለች። ከቤቷ ደጃፍ እስከ ቁስቋም ዳገት ራስ ስንት እርምጃ እንደሆነ ታውቃለች። ዘንድሮ ግን ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ታርፋለች።

በመጋቢት ልጇ ሙሉቀን እሷንና የልጅነት ጓደኛዋን ወለተሩፋኤልን ለምርመራ ሐኪም ቤት ወስዷቸው ነበር። ወለተሩፋኤል የመሪጌታ ሚስት የነበረች፣ ጨዋታ የማይጠፋት ሴት ናት። ከሚዛኑ ስትወርድ ሳቋ መጣ።

«ስልሳ አንድና ስልሳ አንድ! ኪሏችን እኩል፣ መቀነታችንም እኩል ሁለት ዙር። አንድ ቀሚስ ለሁለት ይበቃን ነበር፤ ባሎቻችን ምነው አልነገሩን?»

ውጤቱን የተቀበለው ሙሉቀን ነው። ከሐኪሙ ክፍል ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። እናቱ ክንዱን ያዘችው።

«የማን ነው?»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«የማን ነው አልኩህ?»

«የእትዬ ወለተሩፋኤል» አለ። «ክረምቱን ከዘለቁ ተአምር ነው ይላል ሐኪሙ። እማዬ፣ አደራ እንዳትነግሪያቸው።»

«ለታማሚ ይነገራል እንዴ? ደንቡን አንተ ልታስተምረኝ ነው?»

ደንቡ እንዲያ ነው። ክፉ ሕመም ለቅርብ ሰው ይነገራል እንጂ ለባለቤቱ አይነገርም። ትርንጎም ነገሩን እንደ ቁልፍ መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

ሳምንት ሳይሞላ ወለተሩፋኤል «ወገቤን» ብላ ተኛች። ትርንጎ አሥራ ሁለት ልቃቂት ሰማያዊ ክርና ሁለት የሹራብ መርፌ ይዛ ቁስቋም ወደ ጓደኛዋ ቤት ወጣች። የጎንደር ክረምት ለጤነኛም አይመች። ሐምሌ ሳይገባ ጓደኛዋ ሹራብ መልበስ አለባት።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ሙሉቀን ለጉልበቷ እያለ የሚሰጣትን ሁለት ክኒን ውጣ ትመጣለች። አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ትሠራለች። መርፌዎቹ ሲጋጩ፣ መርፌው ላይ ያለውን የክር ዐይን ስትቆጥር፣ ልቧ ያርፋል። የሠራችውን አልጋው ሥር ባለው ሙዳይ ትታ ትሄዳለች።

ዓይናዲስ፣ የወለተሩፋኤል ምራት፣ ምግብ ታቀርባለች። ዝምተኛ ናት፤ ትርንጎን ቀና ብላ አታይም። ትርንጎ የራሷን ድርሻ ወደ በሽተኛዋ ትገፋለች።

«ብዪ ወለቴ፤ እኔ ጠግቤ ነው የመጣሁት።»

ወለተሩፋኤል ሳህኑን ታጸዳዋለች። ትርንጎ ይህን ስታይ ደስ ይላታል።

ልኩን በራሷ ገላ ነበር የወሰደችው። በመቶ ሃያ ዐይን ጀመረች። በግንቦት መጀመሪያ ፊትና ጀርባውን አያይዛ ብታጠልቀው ጥብቅ ብሎ ገጠማት። የቀረው እጅጌ ብቻ ነበር።

በሰኔ መጀመሪያ አጠለቀችው። በየጎኑ ሁለት ጣት ተረፈ።

ቆጠረች። መቶ ሃያ። ክሩ ያው፣ መርፌው ያው። ማክሰኞ ደግማ ቆጠረች፤ መቶ ሃያ። ሰኔ ሲጋመስ የተረፈው አራት ጣት ሆነ።

ሹራብ የሚላላው ሲለበስ ነው። ማን ለበሰው?

በዚያው ቀን አልጋው ሥር ያለው የወለተሩፋኤል ጫማ ላይ ትኩስ ጭቃ አየች። ሴትዮዋ ከአልጋ ሳትወርድ ወራት ሆኗታል። ትርንጎ ዓይኗን ወደ ዓይናዲስ መለሰች። የአማቷን ጫማ የምትጫማ ሹራቧን ለመልበስ ማን ይከለክላታል?

ነጋዴ ሌባን የሚይዘው ዕቃው እጁ ላይ ሳለ ነው። እጅጌውን አፋጠነች።

በሰኔ የመጨረሻ ቅዳሜ ሹራቡ አለቀ። ትርንጎ ለመጨረሻ ጊዜ አጠለቀችው፤ እንደ ጆንያ ተንጠለጠለባት። አውልቃ ይዛው ወጣች፤ ዓይናዲስን ከማድቤቱ በር ላይ አስቆመቻት።

«ነይ እስቲ ሸጋዋ» አለች በሹክሹክታ። «ስንት ቀን ለበስሽው?»

«ምኑን እትዬ?»

«መቃብር አፋፍ ላይ ካለች ሴት ጀርባ ትገፍፊያለሽ? ይህ ሹራብ ብርድ ሳይነካት እንድትሄድ ብዬ የሠራሁት ነው!»

«በቁስቋም ማርያም አልለበስኩትም።»

«ታዲያ ሹራብ በገዛ እጁ ይላላል? ጫማውስ? ጭቃው ከሰማይ ወረደ?»

ዓይናዲስ አፏን ከፈተች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች፤ እንባዋ ወረደ።

«ባልሽ ማታ ሲገባ እነግረዋለሁ። በዚህ ቤት ሌላ ሌሊት አታድሪም።»

«ንገሩት፣ እትዬ» አለች ልጅቱ። «እኔ ምንም አልናገርም።»

«ተዪያት፣ ትርንጌ!»

ድምፁ ከበስተኋላ ነው የመጣው። ወለተሩፋኤል ማንም ሳይደግፋት የቤቱ በር ላይ ቆማለች።

«ምነው ተነሣሽ? ወገብሽ!»

«ሰው በእኔ ምክንያት ከቤቱ አይባረርም። ስጪኝ።»

ሹራቡን ተቀብላ አጠለቀችው። ትከሻው ያዘ። ደረቱ ሞላ። ወገቡ ላይ ጣት አያስገባም።

«ልክ ነው» አለች ወለተሩፋኤል። ወደ ሹራቡ አላየችም፤ ጓደኛዋን ነበር የምታየው። «እንደ ጀመርሽው ልክ ነው።»

ትርንጎ እጇን ወደ ወገቧ ሰደደች፤ መቀነቷን በጣቷ ቆጠረች፤ በመጋቢት ሁለት የነበረው፣ ሦስት ዙር።