ስምንት ሜትር ወደ ግራ

ኢንጂነር ምሳው ከደብረ ታቦር ሰቆጣ ሲመጣ ይዞት የመጣው አንድ ሻንጣና አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነው። መስመሩን ካርታው ላይ በማስመሪያ አስምሮታል፤ ከአስፋልቱ ተነስቶ እስከ ላይ ሰፈር፣ ቀጥ! ክረምት ሳይገባ መንገዱ ካልተከፈተ አምቡላንሷ እንደ አምናው ታች ቆማ ትጮሃለች፤ ምጥ የያዛት ሴትም በቃሬዛ ትወርዳለች። አምና አንዷ ቃሬዛው ጤና ጣቢያ እስኪደርስ አልጠበቀችም፤ መንገድ ላይ ወለደች።

መስመሩ ደሞ ሄዶ ሄዶ አንድ ቤት ሆድ ውስጥ ይገባል። ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት ነው፤ ማን እንደሠራው የሚያስታውስ ሰው የለም። መዝገቡ ላይ ባለቤቱ «ወራሾች» ይላል። የትኞቹ ወራሾች? መዝገቡም አያውቅም። ምሳው መሳቢያ ውስጥ ስለዚሁ ቤት ሁለት ደብዳቤ አለ። አንዱ «ቅርስ ነው፣ እንዳይነካ» ይላል፤ ሌላው «ባስቸኳይ ይፍረስ» ይላል። ሁለቱም ማህተም አላቸው። ማህተማቸውም ያምራል።

ሠራተኞቹን አስከትሎ ቢሄድ፣ የቤቱ ደረጃ ላይ እትዬ የሺመቤት ቁጭ ብለው እንዝርት ያሾራሉ።

«እትዬ፣ ይሄን ቤት ልናፈርስ ነው የመጣነው።»

«ቁርስ በልተሃል?»

«ኧረ አልበላሁም።»

«በባዶ ሆድ ቤት አይፈርስም። ቁጭ በል!»

በቤቱ ጥግ ዞር አሉና ሽልጦ በነጭ ማር ይዘው ተመለሱ። ሰቆጣ ማር ፊት የቆመ ኢንጂነር ምን ወኔ ይኖረዋል? በላ። ጣቱን ላሰ። ፀሐዩ ከረረ፣ ሠራተኞቹም ተበተኑ። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን ምሳው ደረቱን ነፍቶ መጣ።

«ዛሬ በልቼ ነው የመጣሁት!»

«ጎሽ! እንግዲያ ጆሮህ ይሰማል። መንገዱማ ያስፈልገናል። አምና ያች ልጅ ስትወልድ ነጠላዬን ያነጠፍኩላት እኔ ነኝ፣ እዚችው ደረጃ ላይ። ግን ሙሽራ የሚጨፈርለት እዚህ ነው። ጠበኛ የሚታረቀው እዚህ ጥላ ሥር ነው። ይሄ ቤት ከፈረሰ ሰቆጣ ምን ቀራት? ቆርቆሮና ጀሪካን! መንገድህ ትንሽ ዘወር ቢል ይሞታል?»

አጥሩ ላይ የተደገፉት የላይ ሰፈር ሴቶች በኽምጥኛ የሆነ ነገር ተባባሉና በሳቅ ፈረሱ። ምሳው ኽምጥኛ አይሰማም። ሱሪውን ቀና አደረገ።

ሜትሩን ዘረጋ፣ ለካ፣ እንደገና ለካ። ስምንት ሜትር ወደ ግራ ቢዞር መንገዱ ያልፋል፣ አምቡላንሷም ታልፋለች። ችግሩ እዚያ ጋ አንዲት ያዘመመች የቆርቆሮ ቤት አለች። መዝገቡን ገለጠ። ባለቤቷ ወለተ ሚካኤል ይላል።

«እትዬ፣ ይሄ ቤት መትረፍ ይችላል። ግን የአንዲት ወለተ ሚካኤል የምትባል ሴት ቤት ይፈርሳል።»

«ይፍረሳ!»

«እንዴ! የሰው ቤት እኮ ነው።»

«ቤት ትለዋለህ? ዝናብ ሲመጣ ከሱ ውስጥ ውጭው ይሻላል። እሷን ለኔ ተዋት፤ አናግራታለሁ።»

«ያውቋታል?»

«ማን የማያውቃት አለ! ነዝናዛ ናት።»

ምሳው የበላው ማር ሁሉ ጉሮሮው ላይ መረረው። እኚህ ሴትዮ ፎቃቸውን ለማዳን የደሀ ጎጆ ሊያስበሉ! ያንን ሁሉ ሽልጦ ያበሉኝ ለዚህ ነው አለ በልቡ።

«ሳትስማማ አንዲት ሚስማር አልነቅልም» አለ ቆጣ ብሎ።

በማግስቱ እትዬ የሺመቤት መልስ ይዘው ጠበቁት።

«እምቢ አለች። ምትክ ቦታ ካልተሰጠኝ አለች።»

«ይሰጣታላ፣ መብቷ ነው!»

«ከቦኖው አጠገብ ካልሆነ አልፈልግም አለች። ጀሪካን ተሸክሜ ወገቤ አለቀ አለች።» እንዴት እንዳለች ለማሳየት ወገባቸውን ያዝ አደረጉ።

«እውነቷን ነው! እንደውም ከቦኖው ፊት ለፊት ያለውን ጥግ ነው የምሰጣት።»

«ኧረ ያ ቦታ ለሷ ይበዛባታል!»

«አይበዛባትም! ቤቱንም ራሴ ቆሜ አሠራላታለሁ። ጣሪያው አዲስ ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ!»

«ሲሚንቶ? ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ታበላሻታለህ።»

«እንኳን ሲሚንቶ፣ በረንዳም እጨምርላታለሁ!» አለ ምሳው እልህ ይዞት።

«እንግዲህ በረንዳ ካልክ…» አሉ እትዬ የሺመቤት በሐዘን ራሳቸውን እየነቀነቁ። አጥሩ ላይ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቀጠቁ።

ምን አለፋችሁ፣ የፊርማው ቀን ደረሰ። ሽማግሌው፣ ሠራተኛው፣ ሰፈርተኛው ሁሉ ጥላው ሥር ተሰበሰበ። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ አሥራተ ማርያም ቅጹንና የአሻራውን ቀለም ይዞ ጠረጴዛ ፊት ተሰየመ። ምሳው ለዚያች ምስኪን የሚላትን የማጽናኛ ቃል ሲያጠና አድሯል። አንገቱን እያሰገገ ጎባጣ፣ አንገቷን የደፋች ሴት ቢፈልግ አጣ። ደረጃው ላይ ያሉት እንደ ሁልጊዜው እትዬ የሺመቤት ናቸው።

«እትዬ፣ ዛሬ እንኳ ይነሱ» አለ ፊቱን አጥቁሮ። «ቤቷን የምትሰጠው ሴት ትቀመጥበት።»

«እሺ ልጄ፣ ደግ ብለሃል።» ቀሚሳቸውን አራግፈው ተነሱ።

አሥራተ ማርያም መነጽሩን አስተካከለና የቤቷን ባለቤት የክርስትና ስም ከቅጹ ላይ ጮክ ብሎ ጠራ።

«ወለተ ሚካኤል!»

«አቤት» አሉ እትዬ የሺመቤት፣ አውራ ጣታቸውን ወደ ቀለሙ እየሰደዱ።