ወደ ሐሙስ የተዛወረ ለቅሶ

አዳማ ላይ ንፋሱ አንድ የለቅሶ ድንኳን ከነለቀስተኛው ጠራርጎ ከወሰደ ወዲህ፣ የእድር ድንኳን የሚተከለው በየሰፈሩ የሚወጣው የንፋስ ትንበያ ሲፈቅድ ብቻ ሆኗል። ድንኳን ሳይተከል ደግሞ መርዶ አይነገርም። መርዶው ያልተነገረ ሰው፣ ቢቀበርም እንኳ፣ በደንቡ መሠረት ደህና ነው።

ወይዘሮ ትርንጎ ባሏን ከአራት የእድር ሰዎች ጋር ቀብራ እንደተመለሰች፣ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ቱሉ ስልካቸውን እየነካኩ መጡ።

«የንፋሱ አማካይ በሰዓት ሃያ ኪሎ ሜትር ነው፤ እሰየው ነው። ድንገተኛው ሽውታ ግን ስድሳ አምስት ይደርሳል ይላል። ለቅሶሽ ሐሙስ ነው፣ እህቴ።»

«ኧረ ጋሽ ቱሉ፣ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም! ዛሬ ላልቅስለት!»

«ቅጠሉ ትንበያውን አላነበበማ! በይ፣ እስከ ሐሙስ ድምፅሽን እንዳልሰማ።»

እሳቸው እንደወጡ ጎረቤቷ እትዬ ደብሪቱ ከአጥሩ በላይ ብቅ አሉ።

«እንዴት ዋልሽ፣ ትርንጎዬ? ባለቤትሽስ ደህና ነው?»

ትርንጎ፣ «ደህና ነው፣ ተመስገን» አለች።

እትዬ ደብሪቱ ፊቷን ትኩር ብለው አዩት።

«ተመስገን ነው። የኔም ሰውዬ ከሰኞ ጀምሮ ደህና ነው።»

ከሰኞ ወዲህ ከአጥሩ ማዶ ያ የሰውዬው ሳል እንዳልተሰማ ትርንጎ ያኔ ታወሳት። በሩን ከፍታ ወጣችና ትከሻቸው ላይ ወደቀች። ባሎቻቸው ደህና የሆኑ ሁለት ሴቶች፣ ነጠላቸውን በጥርሳቸው ነክሰው፣ ተቃቅፈው ቆዩ።