እባክዎ ይፍቀዱ

እናትየው የጫነችው አፕ ነውረኛ ቪዲዮ በእሷ ስም ለካዛንቺስ ዕድርተኞች በሙሉ ልኮ ነበር። ስልኩ በጮኸ ቁጥር አውራ ጣቷን ነጠላዋ ውስጥ ትደብቅ ነበር።

«ስልክ ሲመረት እኮ ያልታወቀ አፕ እንዳይጭን ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ሰው ካልከፈተው አይከፈትም» አለ ልጇ ፍሬአብ።

«ታዲያ በአንድ ንክኪ የሚከፈት መዝጊያ ምኑን መዝጊያ ሆነ?» አለች እህቱ ሊዲያ። «እማዬ ገና ፊደል እየቆጠረች ነው። ሳታነብ ነካችው እንጂ ምን አጠፋች?»

እናትየው ዝም ብትል ጥፋቱ የስልኩ ሆኖ ይቀር ነበር። የማታ ትምህርቷ ግን እንዳልነበረ ሊቆጠር ነው።

«አንብቤዋለሁ» አለች አንገቷን ደፍታ። «ፊደል በፊደል፣ እስከ መጨረሻው። ‹እባክዎ ይፍቀዱ› ነው የሚለው። እንዲያ አክብሮ ሲለምነኝ እምቢ ማለት አሳፈረኝ።»